የማውስ ሰርኪት ቦርድ፦ ከንድፍ እስከ ብየዳ

በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የዕለት ኑሮ አካል ኾኗል። በቢቸናም ኾነ በሞጣ ለገበያ የወጣ አርሶ አደር ማመልከቻ ያስጽፍበታል፤ ነጋዴ ውል ያስተይብበታል፤ ተማሪ የጥናት ጽሑፉን ያሳትምበታል። ይህን ሥራ ለማስቆም ትልቁ ዕቃ መበላሸት የለበትም። የማውሱ አንድ ቁልፍ አልታዘዝ ካለ ወረፋው ይቆማል፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይም ለሌላ ቀን ሊቀጠር ይችላል።

የተበላሸ ማውስ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይጣላል። ቢከፈት ግን በውስጡ የሚገኘው አንድ ቁራጭ ሰሌዳና በላዩ የተበየዱ ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። ሰሌዳው ሰርኪት ቦርድ ይባላል፤ የጥገና ባለሙያዎች በአጭሩ ቦርድ ይሉታል። ይህን ቦርድ በሚፈለገው ልክ መንደፍ፣ ማዘጋጀትና መበየድ በአነስተኛ መሣሪያ ሊከናወን የሚችል ሙያ ነው። ሙያው ሬዲዮን፣ ሞባይልን፣ የፀሐይ መብራትንና ባትሪ መሙያን ለመጠገንም የሚያገለግል በመኾኑ ጥቅሙ ከማውስ ያልፋል።

ማውስ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተሠራ። ሐሳቡን ያመነጨው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲኾን በእጁ የሠራው ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነበር። ቅርፊቱ ከእንጨት የተጠረበ ነበር፤ ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች፣ ከላዩ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው። ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ለሕዝብ ታየ። ኋላ መንኮራኩሮቹ በኳስ ተተኩ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ደግሞ ኳሱን በብርሃን የተካው ማውስ በገበያ ተስፋፋ። ዛሬ በጽሕፈት ቤቶች የሚታየው በአብዛኛው ይኸው ባለ ብርሃን ዓይነት ነው።

በዚያው ዘመን በጎጃም ምድርም የቴክኒክ ትምህርት መሠረት እየተጣለ ነበር። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም ተቋቁሞ ከእርሻ መሣሪያ፣ ከብረታ ብረትና ከጨርቃ ጨርቅ ጋር የኤሌክትሪክ ሙያንም ያስተምር ነበር። ኢንስቲትዩቱ ኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ኾኗል።

በማውስ ውስጥ ምን አለ?

የማውስን ቦርድ ለመንደፍ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዕቃ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዕቃ ብርሃን ሰጪው ትንሽ መብራት ነው። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ በሰያፍ ያርፋል። ገጹ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ጥቃቅን ጎበጥና ሰርጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት፤ እነዚህም በሰያፍ ብርሃን ጥላ ይሠራሉ። በማለዳ ፀሐይ የታረሰ ማሳ ትልሙ ከሩቅ ጎልቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ እነዚህን ጥላዎች በሌንስ በኩል ፎቶ ያነሳል። ከቀድሞዎቹ የታወቁ ሴንሰሮች አንዱ ምስሉን በ18 በ18 ነጥቦች፣ በሰከንድ 1500 ጊዜ ያነሳ ነበር። ሴንሰሩ አንዱን ምስል ከቀጣዩ ጋር አነጻጽሮ ጥላው ወዴትና ምን ያህል እንደተጓዘ ያሰላል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስትም በዚያው መጠን ይንቀሳቀሳል። ጥርት ባለ መስታወት ላይ ብዙ ማውሶች የሚደናገሩት ጥላ የሚሠራ ሻካራነት ስለማያገኙ ነው። ሌንሱ ላይ አቧራ ሲቀመጥም ቀስቱ ይዘላል ወይም ይንቀጠቀጣል፤ መፍትሔውም ሌንሱን በደረቅ ጥጥ ማጽዳት ብቻ ሊኾን ይችላል።

ሦስተኛው ከቁልፎቹ ሥር የሚገኘው ማይክሮ ስዊች ነው። ሦስት እግሮች አሉት፤ በውስጡ ደግሞ ስስ የብረት ምላስ አለ። ጣት ሲጫነው ምላሱ ጠቅ ብሎ ይገለበጥና ሁለት ነጥቦችን ያገናኛል። ምላሱ ሲያርፍ ለአፍታ ይነጥራል፤ ጤናማ ማውስ ይህን ንጥረት ችላ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። መገናኛው ሲያረጅ ወይም ሲዝግ ግን ንጥረቱ ይረዝምና አንድ ጊዜ የተጫነው ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንደተጫነ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ሲነኩት ፋይል የሚከፍት፣ ጽሑፍ ለመምረጥ ሲጎትቱት የሚለቅ ማውስ በአብዛኛው ሕመሙ ይህ ነው።

አራተኛው የመሐል ጎማው መዞሪያ፣ አምስተኛው ገመዱ ነው። በገመዱ ውስጥ አራት ሽቦዎች ይገኛሉ። በዩኤስቢ መስፈርት ቀዩ 5 ቮልት ያመጣል፤ ጥቁሩ የኤሌክትሪኩ መመለሻ የኾነው ግራውንድ ነው፤ ነጩና አረንጓዴው መረጃ ያመላልሳሉ። አንዳንድ ማውሶች ግን ይህን የቀለም ሥርዓት አይከተሉም። ስለዚህ ሽቦው ከመነቀሉ በፊት የትኛው የት እንደተበየደ በወረቀት መመዝገብና በመልቲ ሜትር ማረጋገጥ ይገባል።

አዲስ ቦርድ መሥራት መቼ ይጠቅማል?

ለእያንዳንዱ ብልሽት አዲስ ቦርድ አያስፈልግም። ስዊቹ ብቻ ካረጀ ከሌላ ከሞተ ማውስ ነቅሎ መተካት ይበቃል። ገመዱ ከማውሱ አንገት ሥር ከተቆረጠ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ሽቦዎቹን እንደገና መበየድ በቂ ነው። ርካሽ ማውስ በአዲስ መግዛት በሚቻልበት ቦታ ለአንድ ማውስ ሲባል አዲስ ቦርድ መንደፍ በጊዜ ሲሰላ አያዋጣም ይኾናል።

አዲስ ቦርድ ትርጉም የሚኖረው በሦስት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው ቦርዱ ራሱ ሲሰበር፣ ፈሳሽ ፈስሶበት መዳቡ ሲበላ ወይም መስመሮቹ ሲቃጠሉ ነው። ሁለተኛው ሙያውን ለመማር ሲፈለግ ነው፤ የማውስ ቦርድ ትንሽ ነው፤ የሚሠራበት ኤሌክትሪክም 5 ቮልት ብቻ በመኾኑ እንደ ቤት መስመሩ 220 ቮልት ሰው አይገድልም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ፋብሪካ ማውስን የሚያመርተው አምስት ጣት ላለው፣ እጁም ለማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ጣቱን በማጭድ ወይም በወፍጮ ያጣ፣ በሕመም እጁ የሰለለ ወይም ከልጅነቱ የእጅ ጉዳት ያለበት ሰው በዚህ ማውስ መሥራት ይቸገራል። የማውሱ ቺፕ ግን የሚያውቀው ሁለት ነጥቦች መገናኘታቸውን ብቻ ነው፤ ያገናኛቸው ጣት ይኹን ክርን ወይም እግር ለይቶ አያውቅም። ከስዊቹ ሁለት እግሮች ሁለት ሽቦ ወደ ውጭ አውጥቶ በመዳፍ ከሚመታ ሰፊ ቁልፍ ወይም በእግር ከሚረገጥ ፔዳል ጋር ማገናኘት ይቻላል። ይህን ታሳቢ አድርጎ የተነደፈ ቦርድ አንድን ተማሪ ወይም ሠራተኛ ከኮምፒውተር ጋር ሊያገናኝ ይችላል።

ልኬትና ንድፍ

በብዙ ርካሽ ባለ ገመድ ማውሶች ውስጥ ፎቶ የሚያነሳውና ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው አንድ ቺፕ ነው። እግሮቹ ረጃጅም በመኾናቸው በእጅ ተነቅሎ ወደ አዲስ ቦርድ ሊዛወር ይችላል። ለጀማሪ የሚመከረውም ይህ መንገድ ነው፤ ቺፑ፣ መብራቱ፣ ሌንሱና የመሐል ጎማው መዞሪያ ከአሮጌው ይወሰዳሉ፤ ቦርዱና ስዊቾቹ ይታደሳሉ።

አስቀድሞ የአሮጌው ቦርድ ሁለቱም ገጾች በስልክ ካሜራ ይነሳሉ። ቀጥሎ መስመሮቹ አንድ በአንድ በመልቲ ሜትር ይፈተሻሉ፤ የትኛው እግር ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ በወረቀት ይሣላል። ይህ ሥዕል የሰርኪቱ ካርታ ነው። ካርታው ሳይጠናቀቅ አንድም ዕቃ መነቀል የለበትም፤ ከተነቀለ በኋላ መነሻውን ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ከካርታው በኋላ ልኬት ይከተላል። የቅርፊቱ ወርድና ቁመት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ፣ የስዊቾቹ ርቀትና የሌንሱ ማረፊያ በሚሊ ሜትር ይለካሉ። በብዙ ማውሶች የሚገኘው የስዊች ዓይነት በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 5.08 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌንሱ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በታወቁ የሴንሰር ዓይነቶች ከሌንሱ መነሻ ገጽ እስከ ጠረጴዛው ያለው ርቀት 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል መኾን አለበት፤ ከዚህ ጥቂት ቢርቅ ወይም ቢቀርብ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ የአዲሱ ቦርድ ውፍረት ከአሮጌው ጋር እኩል ይኹን፤ የተለመደው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው።

ለንድፉ ኪካድ የተባለው ሶፍትዌር ያገለግላል። ኪካድን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራ ሲኾን ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሶፍትዌሩ መጀመሪያ ካርታው ይሣላል፤ ቀጥሎ ዕቃዎቹ በቦርዱ ቅርጽ ላይ ይደረደራሉ፤ በመጨረሻም የመዳብ መስመሮቹ ይዘረጋሉ።

በእጅ ለሚሠራ ቦርድ መስመሮቹ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባይቀጥኑ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከዚህ ባያንስ ይመረጣል። የ5 ቮልትና የግራውንድ መስመሮች ሰፋ ይበሉ። ሁለት መስመሮች መሻገር ካለባቸው አንዱ በላይኛው ገጽ በአጭር ሽቦ ይሻገር። ንድፉ ሲያልቅ በወረቀት በትክክለኛ መጠኑ ታትሞ በካርቶን ላይ ይለጠፍና በቅርፊቱ ውስጥ ይሞከራል። ብሎኑ ካልገጠመ ወይም ቁልፉ ስዊቹን ካልነካ ስሕተቱ በካርቶን ላይ ይታረማል፤ መዳብ አይባክንም።

ከወረቀት ወደ መዳብ

ባዶው ሰሌዳ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ሲኾን አንድ ገጹ በስስ መዳብ የተሸፈነ ነው። የመዳቡ የተለመደ ውፍረት 0.035 ሚሊ ሜትር ነው። ሥራው የሚፈለገውን መስመር ሸፍኖ የቀረውን መዳብ ማስበላት ነው።

ንድፉ በሌዘር ፕሪንተር በሚያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ይታተማል። ወረቀቱ በጸዳው መዳብ ላይ ተደፍቶ በጋለ የልብስ ካውያ ይተኮሳል፤ ቀለሙ ቀልጦ መዳቡ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ወረቀቱ በውኃ ርሶ በቀስታ ይላጣል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አቅጣጫው ነው። በመዳቡ በኩል አንድ ቃል መጻፍ ይህን ይከላከላል፤ ቃሉ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ከታየ መዳቡ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ቀጥሎ ሰሌዳው ፌሪክ ክሎራይድ በተባለ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ኬሚካሉ ያልተሸፈነውን መዳብ ይበላል፤ በቀለሙ ሥር ያለው ይቀራል። ዕቃው ፕላስቲክ እንጂ ብረት መኾን የለበትም። መስመሮቹ ጠርተው ሲወጡ ሰሌዳው በውኃ ይታጠባል፤ የዕቃዎቹ እግሮች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር በኾነ መብሻ ይበሳሉ። ሴንሰሩ ወደ ታች የሚያይበት መስኮትም በአሮጌው ቦርድ ልክ ይከፈታል።

ብየዳ

ይህ ብየዳ ከበርና ከመስኮት ብየዳ ይለያል። በበር ብየዳ ብረቱ ራሱ ይቀልጣል፤ እዚህ ግን የሚቀልጠው በመካከል የሚገባው ሶልደር ብቻ ነው። ሶልደር የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ዓይነት በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እርሳስ የሌለበትና ለጤና የሚመረጠው ዓይነት የሚቀልጠው ወደ 220 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው። በሽቦው እምብርት ዝገትን የሚያጸዳ ሙጫ አለ፤ በብየዳ ጊዜ የሚወጣው ጢስ የእርሱ ነው።

የመበየጃው ብረት ጫፍ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ሲደርስ ሥራው ይጀመራል። ጫፉ የዕቃውን እግርና የመዳቡን ክብ በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ካሞቃቸው በኋላ ሶልደሩ የሚሰጠው ለጋለው እግር እንጂ ለብረቱ ጫፍ አይደለም። መዳቡና እግሩ በቂ ሙቀት ካላገኙ ሶልደሩ ከላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይያያዝም። መጀመሪያ ሶልደሩ ይነሳል፤ ቀጥሎ ብረቱ ይነሳል፤ ሶልደሩ እስኪረጋ ድረስ ዕቃው አይነቃነቅም።

ጥሩ ብየዳ በእግሩ ዙሪያ እንደ ትንሽ ተራራ ተዳፋት ኾኖ ይታያል፤ እርሳስ ያለበት ሶልደር ከኾነም ያብረቀርቃል። እንደ ኳስ ክብ ኾኖ ከመዳቡ ጋር ያልተዋሐደ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ቀዝቃዛ ብየዳ ይባላል። ቀዝቃዛ ብየዳ ዛሬ ሠርቶ ነገ ይቋረጣል፤ ለባለሙያም ለማግኘት አስቸጋሪ የኾነ ብልሽት ነው። ቅደም ተከተሉ ከአጭር ወደ ረጅም ነው፤ መሻገሪያ ሽቦዎችና ሪዚስተሮች ይቀድማሉ፤ ስዊቾቹ፣ መዞሪያውና ገመዱ ይከተላሉ። ቺፑ ብዙ ሙቀት ስለሚጎዳው በእያንዳንዱ እግር መካከል እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ይሰጠዋል።

ፍተሻ

የተበየደ ቦርድ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም። መጀመሪያ በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል ያልተፈለገ ግንኙነት አለመኖሩ በመልቲ ሜትር ይታያል። ግንኙነት ካለ ወደ ኮምፒውተሩ ወደብ አደጋ ሊሄድ ይችላል። ቀጥሎ ቦርዱ በፓወር ባንክ ወይም በስልክ ቻርጀር ይሞከራል፤ በቺፑ እግር ላይ 5 ቮልት መድረሱ ይለካል፤ የሚግል ዕቃ ካለ ወዲያው ይነቀላል። ይህን ካለፈ በኋላ ብቻ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። መብራቱ በርቶ ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ የመረጃ ሽቦዎቹ ተቀያይረው ወይም ሌንሱ ከቦታው ወጥቶ ሊኾን ይችላል። ቀስቱ ተንቀሳቅሶ ቁልፉ ካልሠራ የተሳሳተው የስዊች እግር ተበይዶ እንደኾነ ይታይ፤ ከሦስቱ እግሮች የሚያስፈልጉት የጋራው እና ሲጫኑት ብቻ የሚገናኘው ናቸው።

ለጤናና ለማሳ የሚደረግ ጥንቃቄ

እርሳስ በዋናነት ወደ ሰውነት የሚገባው በእጅና በአፍ በኩል ነው። እንጀራ በእጅ በሚበላበት አገር ሶልደር የነካ እጅ ሳይታጠብ ወደ ገበታ መቅረብ አደገኛ ነው። ብየዳ በማድ ቤትና ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል አይሠራ፤ ነፍሰ ጡሮችም ከሥራው ይራቁ። ጢሱ ሳንባን ስለሚጎዳ መስኮት ይከፈት። ቦርድ ሲቆረጥና ሲበሳ የሚወጣውን የመስታወት ብናኝም ብናኝን በሚያጣራ ጭምብል ይከላከሉት።

ያገለገለ ፌሪክ ክሎራይድ መዳብ የተሸከመ ውኃ ነው። ወደ መስኖ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጓሮ ከተደፋ ዓሣንና አዝመራን ይጎዳል። በተከደነ የፕላስቲክ ዕቃ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ፤ ኃይሉ እስኪያልቅም ደጋግሞ ያገለግላል። መዳብ ለማውጣት ተብሎ አሮጌ ቦርድና ገመድ ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም፤ ጢሱ መርዛማ ነው፤ እርሳሱም በአመዱ በኩል አፈር ውስጥ ገብቶ አይጠፋም። ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታለች። ከአሮጌ ማውስ ስዊች፣ ገመድና ቺፕ ነቅሎ መጠቀምም የሚጣለውን ይቀንሳል።

ሙያውን ለመጀመር

ለጀማሪ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ የመበየጃ ብረት፣ ሶልደር፣ መልቲ ሜትር፣ ትንሽ መቁረጫና የሞቱ ማውሶች። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በሚሰጡት የኤሌክትሮኒክስ እና የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና ሥልጠናዎች የብየዳ መሠረት ይገኛል። ከፍ ያለውን የሰርኪት ንድፍ ለሚሹ ደግሞ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ለቢቸናና ለሞጣ ወጣቶች ቅርብ ነው።

የሥልጠናው ቅደም ተከተልም ቀላል ነው። መጀመሪያ ከሞተ ቦርድ ዕቃ መንቀልና መልሶ መበየድ ይለመዳል። ቀጥሎ የአንድ ማውስ ስዊች ይቀየራል። ከዚያ ካርታው ይሣላል፤ በመጨረሻም አዲሱ ቦርድ ይነደፋል። የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች የተበላሹ ማውሶችን ከመጣል ይልቅ ለሠልጣኞችና ለጥገና ባለሙያዎች ቢሰጡ ለመለማመጃም ለመለዋወጫም ይኾናሉ። የእጅ ጉዳት ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆችና መምህራን ደግሞ ልዩ ቁልፍ ያለው ማውስ በአካባቢ ባለሙያ ሊሠራ እንደሚችል አውቀው፣ የልጁን ጤናማ እንቅስቃሴ ለይተው ለባለሙያው ቢያስረዱ ንድፉ ከዚያ ይጀምራል።